ስልኩን ከእጃቸው አትቀበሏቸው

ነሐሴ 2015 ላይ እናቴ 11 ሺህ 400 ብር ተወሰደባት። ለአዲስ ዓመት በግ መግዣና ለጣሪያ ጥገና ያጠራቀመችው ነበር። የወሰደባት ሰው ቤት ሰብሮ አልገባም። ስልኳንም አልነጠቃትም። ራሷ ናት አንስታ የሰጠችው። ታክሲ ስትጠብቅ ካርድ አልቆባታል። አጠገቧ ጨዋ የሚመስል ወጣት ቆሟል። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ከቴሌብሩ የ50 ብር ካርድ ሙላልኝ» ብላ ስልኩን ሰጠችው። የሚስጥር ቁጥሩን ሲጠይቃት ነገረችው። ካርዱን ሞላላት፤ እሷም መረቀችው። ማታ ሂሳቧን ስናይ ባዶ ነው።

ደሜ ፈላ። «እንዴት ለማታውቂው ሰው ቁጥርሽን ትነግሪያለሽ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አንቺም እኮ እንደዚያ ነው የምታደርጊልኝ። ስልኩን እሰጥሻለሁ፣ ቁጥሩን እነግርሻለሁ፣ ጨርሰሽ ትመልሽልኛለሽ። እንደዚያ የሚሠራ መስሎኝ ነው» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቤታችንን የመብራት ሂሳብ የምከፍለው እኔ፣ ካርድ የምሞላው እኔ፣ ለዘመድ የምልከው እኔ ነኝ። የምሠራው ግን በእናቴ ስልክ፣ በእናቴ ገንዘብ ነው። ክፋት አልነበረኝም። ቸኩዬ ነው። እሷ እስክትፈልገው 10 ደቂቃ፣ እኔ ደግሞ 10 ሰከንድ። በዚህ መሀል ግን ለ2 ዓመት አንድ ነገር ብቻ አስተማርኳት፤ ስልክ ለወጣት የሚሰጥ ዕቃ ነው የሚል። ሌባው የገባው እኔ በከፈትኩት በር ነው። ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ እናት፣ አባት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ላላችሁ ሁሉ ነው። እኔ የሄድኩበትን ስህተት እንዳትደግሙት።

ነገሩን ለእድራችን ዳኛ አጫወትኳቸው፤ እሳቸውም በወሩ ስብሰባ ላይ አነሡት። የተታለለችው እናቴ ብቻ መስላኝ ነበር። አንዷ እናት ለጎረቤት ልጅ፣ አንድ አባት ለሕንፃ ጥበቃ፣ ሌላዋ «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለደወለ ሰው ቁጥራቸውን ሰጥተው ገንዘብ አጥተዋል። አፍረው ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። እዚያው ተስማማን። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮተቤ ባለው የእድራችን አዳራሽ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ከሚቀመጥበት ጎን፣ አስተምራለሁ። አንድ ጎረቤታችን ከሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ሊወገዱ የነበሩ 4 አሮጌ ኮምፒውተሮች አስፈቀዱልን። ጥቅምት 2016 ላይ 14 ሰው ተመዘገበ። በዕድሜ ትንሹ 58፣ ትልቋ 79።

በሦስተኛው ቅዳሜ የመጡት 3 ነበሩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ በተማርኩበት መንገድ ነበር የጀመርኩት። ኮምፒውተር ምንድን ነው? ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ሲፒዩ። ሃርድዌር ይህ ነው፣ ሶፍትዌር ያ ነው። ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሣልኩ። ሁሉም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ገብቷቸዋል ብዬ ደስ አለኝ። ለካ አንገት መነቅነቁ አክብሮት ነው። እነዚህ ሰዎች አስተማሪ ፊት «አልገባኝም» ማለት ድፍረት ነው ተብለው ያደጉ ናቸው። በዚያ ላይ በእድር፣ በማኅበር፣ በሽምግልና ሰው የሚሰማቸው፣ የተከበሩ ናቸው። ጎረቤታቸው ፊት የኮምፒውተሩን አይጥ (ማውስ) ይዞ መንቀጥቀጥ ያሳፍራል። ባልና ሚስትን ጎን ለጎን ማስቀመጤማ የባሰ ነበር። ባልየው በሚስታቸው ፊት አይጠይቁም፤ ሚስትየዋ ባላቸው እስኪቀድሙ ይጠብቃሉ። ለያይታችሁ አስቀምጧቸው። ይህችን ትንሽ ነገር ብቻ ሳስተካክል ክፍሉ መናገር ጀመረ።

የቀሩትን ቤት ለቤት ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንዷ እናት ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሁለተኛው እስኪወርድ ስለ ጤናቸው ሲያወሩኝ ቆዩና «ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ሲፒዩ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ የመጣሁት ቤሩት ያለችውን ልጄን ፊቷን ለማየት ነው። እሱን ታሳይኛለሽ ብዬ ነው» አሉኝ። ልጃቸውን ካዩ 6 ዓመት ሆኗቸዋል። የምትደውለው ሳሎናቸው ውስጥ ባለ ስልክ ነው። ልጃቸው የገዛችላቸው ዘመናዊ ስልክ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እንዳይበላሽ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳውን አልነካሁትም። ደብተር ይዤ አንድ በአንድ «ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጅን በቪዲዮ ማየት። ጡረታ መግባቱን ባንክ ሳይሰለፉ ማወቅ። የመብራት መክፈል። ውጭ ላለ ልጅ የለቅሶ ፎቶ መላክ። ስብከት ማዳመጥ። ቁርዓን ሲቀራ መስማት። የእድሩ ጸሐፊ የአባላቱን መዝገብ በኮምፒውተር መጻፍ ፈለጉ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ለልጅ ልጆቻቸው ማውረስ ፈለጉ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው የፈለገውን ነገር ብቻ፣ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ። ሌላው ሁሉ ይቆይ። አንድ ሰው የሚፈልገውን አንድ ነገር በራሱ ሲሠራ ሁለተኛውን ራሱ ይጠይቃችኋል።

ሰው ተመለሰ። እኔ ግን ዋናውን ስህተቴን አሁንም አልተውኩም ነበር። እጄ አያርፍም። አንዲት እናት ትንሽ ሲፈልጉ «ቆይ ልይልዎት» ብዬ ስልኩን እወስዳለሁ፤ ሦስት ጊዜ ነክቼ «ይኸው» ብዬ እመልሳለሁ። «ተባረኪ» ይሉኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ይጠይቁኛል።

ያስቆሙኝ ጡረተኛው መምህር ናቸው። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገና ወጣት ሳሉ ገጠር ገብተው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ያ ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ብዙ ሺህ ወጣትም ዘምቶበታል። አንድ ቀን ስልክ ከአንዲት እናት እጅ ስወስድ አዩኝ። ትምህርቱ ሲያልቅ ለብቻዬ ጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ገበሬው እርሳስ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹ሀ›ን ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። እኔ ልጻፍለት ብል እኮ በአንድ ሰከንድ ነው። ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ መሃይም ሆኖ ይቀራል። አንቺ የእኛን ‹ሀ› እየጻፍሽልን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስተምር ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ ከወሰዳችሁ ይህን ውሰዱ። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። በአፋችሁ ብቻ ምሩ። «አረንጓዴዋን ይንኳት። አዎ። አሁን ትንሽ ይጠብቁ።» ስልኩን ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ልብ ይፈትናል። ጣታቸው ተሳስቶ ሌላ ቦታ ሲገባ፣ ተመልሰው ሲጀምሩ፣ እንደገና ሲሳሳቱ፣ እጃችሁ ይበላችኋል። ቻሉት።

ቤሩት ልጅ ያለቻቸው እናት ኢሞ የሚባለውን የቪዲዮ መደወያ ከፍተው ልጃቸውን ለመጥራት በመጀመሪያው ቀን 25 ደቂቃ ፈጀባቸው። አውራ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ምልክቷን ሊነኩ ሲሉ ስክሪኑ ይጠፋል። እንደገና ያበራሉ። ይነካሉ፤ ጣታቸው ስለሚቆይባት ስልኩ ሌላ ነገር ይከፍታል። እኔ እጄን አጣምሬ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ክፍሉ በሙሉ ሥራውን ትቶ እሳቸውን ያያል። ከዚያ ጠራ። ልጅቷ አነሣች፤ በሥራ ልብስ ኩሽና ውስጥ ቆማ። «እማዬ? ማን ደወለልሽ?» አለች። እናትየው ስልኩን ፊታቸው ላይ አስጠግተው «እኔ! እኔው ራሴ!» አሉ። ክፍሉ እልል አለ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ያ ቀን አንድ ሌላ ነገርም አሳየኝ። ግማሹ ችግር የሰዎቹ ሳይሆን የስልኩ ነው። ለወጣት ጣትና ለወጣት ዓይን የተስተካከለ ነው። ስለዚህ ከማስተማራችሁ በፊት ስልኩን አስተካክሉ። ስክሪኑ በ30 ሰከንድ እንዳይጠፋ ወደ 2 ወይም 5 ደቂቃ ከፍ አድርጉት። ፊደሉን አተልቁት። ቋንቋውን አማርኛ አድርጉት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚጠቀሙባቸውን 4 ወይም 5 ምልክቶች ብቻ ተዉ፤ ሌላውን ደብቁ። ለልጆቻቸው ስልክ ቁጥር ፎቶ አስገቡ፤ ስም ማንበብ የሚቸገር ሰው ፊት ያውቃል። በሥራ የጠነከረ ወይም የደረቀ ጣት ስክሪኑ አንዳንዴ አይሰማውም፤ ትንሽ ቅባት መቀባት ይረዳል። የጣት አሻራ መቆለፊያም ለብዙዎቹ አልሠራም፤ አሻራው በዕድሜና በሥራ አልቋል። ቁጥር ይሻላቸዋል። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙትንም አትናቁ። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እናቴ ራሷ የተማረችው በእሱ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ያስቸገረን አይጡ ነው። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን አይሆንላቸውም፤ በሁለቱ መሀል እጃቸው ይንሸራተታል። አንዴ ብቻ ጫን አድርገው ከዚያ ኪቦርዱ ላይ ኢንተር እንዲመቱ ሳደርግ ችግሩ በዚያው ቀን ቀረ። የቀስቷን ፍጥነት ቀንሱ፣ መጠኗን አተልቁ። እጅ ለማለማመድ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የካርታ ጨዋታ ከፈትኩላቸው። አንድ የጦር ሠራዊት ጡረተኛ፣ ሁላችንም ሻምበል የምንላቸው፣ ወደዱት። እናቶቹ ግን «ቁማር ነው» ብለው ተነሡ። እውነት አላቸው፤ ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። በምትኩ መሣያውን ከፈትኩ። ጀበና ሣሉ። ጆሮዋ የተጣመመ፣ አፏ የሰፋ ጀበና። አንዷ ሙሉ ሰዓት ተቀምጠው ረከቦቱንም፣ ሲኒዎቹንም፣ ቄጤማውንም ጨመሩበት። ሲጨርሱ አይጡ በእጃቸው ገብቷል።

መጻፉ ላይ ደግሞ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። በኮምፒውተር አማርኛ የምንጽፈው በላቲን ቁልፍ ነው። «ለ»ን ለማውጣት ኤልንና ኢን ማወቅ ይፈልጋል። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ያደጉ አባት ኤልን የት ያውቋታል? በገዛ ቋንቋቸው መሃይም የሆኑ መሰላቸው። ላቲኑን ለማያውቁ ሰዎች በኮምፒውተር መጻፍ አትጀምሩ። የስልክ ኪቦርድ ላይ ፊደሉ ራሱ አለ። «ለ»ን ሲነኳት እስከ «ሎ» ቤተሰቧን ታሳያቸዋለች። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ብለው የቆጠሩት ነው፤ ወዲያው ያውቁታል። መጻፍ የሚያደክማቸው ደግሞ ድምፅ ቀድተው ይላኩ። መምህራችን ላቲኑን ስለሚያውቁ ኮምፒውተሩ ላይ ቀጠሉ። አሁን 40 ገጽ ደርሰዋል።

አንድ ከባድ ጥፋትም ሠርቻለሁ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ለአንዲት እናት ኢንተርኔት ላይ አንድ ቅጽ ሞላሁላቸው። አዎ፣ እጄን አጣምሬያለሁ ካልኩ በኋላ። ተቸኩሎ ነበር። የተወለዱት የካቲት 1943 ነው አሉኝ፤ 1943 ብዬ አስገባሁ። ቅጹ የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። 1951 መሆን ነበረበት። በአንድ ቁልፍ 8 ዓመት አስረጀኋቸው። ከመታወቂያቸው ጋር አልገጥም ብሎ ለማስተካከል ከ2 ወር በላይ ተመላለሱ፤ በዚያ በጉልበታቸው። ታክሲውን ብከፍልም ድካማቸውን አልመለስኩላቸውም። የልደት ቀን ስታስገቡ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ደምሩ። ቀኑን ራሱንም አስልታችሁ አረጋግጡ። ከማስገባታችሁ በፊት ባለቤቱ ራሱ በአፉ ያንብበው።

ሰዓቱም እንደዚያው ያደናግራል። ስልኩ 3:00 ይላል፤ እሳቸው ግን 9 ሰዓት ላይ ናቸው። 6 ደምሩ፣ 6 ቀንሱ ማለት ራስ ያዞራል። የግድግዳ ሰዓት አምጥቼ «ስልኩ የሚላችሁን ቁጥር ፈልጉ፤ ትክክለኛው ሰዓት ፊት ለፊቱ ያለው ነው» አልኳቸው። 3 ፊት ለፊት 9 አለ። 8 ፊት ለፊት 2። አለቀ።

አሁን ወደ ሌባው ልመለስ። «የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይነገርም» ብዬ 10 ጊዜ ተናግሬያለሁ። ሁሉም «አይነገርም» ብለው መልሰውልኛል። አንድ ቅዳሜ የማያውቁትን ቁጥር ተውሼ ውጭ ወጣሁና ለሻምበል ደወልኩ። ድምፄን ቀየር አድርጌ «ከቴሌ ነው፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ አሁን በአጭር መልዕክት የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አልኳቸው። አነበቡልኝ። እንደ ሻምበል ያለ ጥንቁቅ ሰው።

ስገባ በጣም አዘኑ። ለምን እንደሆነ ስንነጋገር ግን ነገሩ ገባኝ። ሞኝነት አይደለም። ሰው እያናገረህ ስልክ መዝጋት ነውር ነው። ደዋዩ «አባቴ» እያለ፣ ጤና እየጠየቀ፣ በትሕትና ነው የሚያወራው። እንዴት ይዘጋበታል? እናንተም «ዝጉት» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። የሚዘጉበት ጨዋ ቃል ስጧቸው። እኛ አንድ ዓረፍተ ነገር መረጥን፦ «እሺ ልጄ፣ ከልጄ ጋር ተማክሬ እመለሳለሁ፤ ደህና ዋል።» ከዚያ ቀይዋን መንካት። ይህን በየሳምንቱ ተለማመድነው። አንዱ ሌባ ይሆናል፣ ሌላው ይመልሳል። ሲደጋገም ከአፋቸው ሳያስቡት መውጣት ጀመረ። ጥርጣሬ ካላቸው ደግሞ ራሳቸው ወደ ቴሌ የደንበኞች መስመር፣ 994፣ ይደውሉና ይጠይቁ። ሌላ ሰው በሚሰጣቸው ቁጥር ግን አይደውሉ። የሚስጥር ቁጥሩን መጻፍ የግድ ከሆነባቸው ስልኩ ሽፋን ውስጥ አይሁን፤ ቤት፣ ሳጥናቸው ውስጥ ይቀመጥ። የ5 ሰዎችን ስልክ ሽፋን ስከፍት የ4ቱ ውስጥ ወረቀቱን አግኝቻለሁ።

ጊዜውንም ቀድማችሁ አስቡበት። ቅዳሜ ጠዋት ብዬ ነበር፤ ቅዳሜው በሚካኤል ወይም በማርያም ሲውል ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዓቢይ ጾም የሚጾሙት ከቀትር በኋላ ይደክማሉ፤ በረመዳን ደግሞ ከሰዓት ላይ ሙስሊሞቹ እንደዚያው። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ የቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጉ። ለቅሶ ካለ ትምህርት የለም። አዳራሹም ድንኳኑም ለዚያ ነው የተሠራው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስልኮቹ ባትሪ አላቸውና በእነሱ ቀጥሉ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በላይ እኔም ደክሞኛል፣ እነሱም።

አንድ የመጨረሻ ልመና ለልጆች አለኝ። ቅዳሜ የለፋነውን እሑድ ቤት ውስጥ አታፍርሱብን። አንድ አባት የመብራት መክፈል ተምረው ደስ ብሏቸው ሄዱ። በሳምንቱ «ልጄ ‹አባባ አንተ ትሳሳታለህ፣ ተወው› አለኝ» ብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ለ3 ሳምንት ስልካቸውን አላወጡም። መሳሳት ከፈራችሁላቸው ቴሌብሩ ላይ 100 ብር ብቻ አድርጉላቸውና በእሱ ይለማመዱ። ከጎናቸው ተቀመጡ። ዝም በሉ።

ባለፈው ወር ከእናቴ ጋር መድኃኒት ልንገዛ ወጣን። 640 ብር። ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ ስልኳን አይቶ «እማማ ያምጡት፣ እኔ ልክፈልልዎት» አላት፤ በቅን ልቦና ነው። እናቴ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠጋችና «አይ የኔ ልጅ፣ አንተ ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ» አለችው። መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከኋላችን 4 ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ሰዓቱን አየ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜያለሁ። ኮከብ፣ 1፣ 2፣ 7፣ መሰላል። የሚስጥር ቁጥሩን ስታስገባ ለልጁም ለእኔም ጀርባዋን ሰጠችን። መልዕክቱ ሲገባ ስልኩን ወደ ልጁ አዙራ፣ ከእጇ ሳትለቅ፣ አሳየችው።